ሁለተኛው ረቂቅ



ዛሬ የምናገረው አንባቢ ስለማያየው፣ ሐያሲም እምብዛም ስለማይጽፍበት ሥራ ነው። ደራሲ ልብ ወለዱን ጨርሶ፣ እፎይ ካለ በኋላ፣ እንደገና ከአንደኛው ገጽ ስለሚጀምረው ሥራ። በአገራችን ስለ ደራሲነት ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ተሰጥኦ ነው፤ ወይም ደራሲው ያየው መከራ፣ እስሩ፣ ስደቱ፣ ማጣቱ። ይህ ሁሉ ሊነሣ የሚገባው ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ረቂቅና በሁለተኛው መካከል የሚደረገውን ካላወቅን መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ አላወቅንም። እኔ የማምነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ደራሲ በመጀመሪያው ረቂቅ ታሪኩን ለራሱ ያገኘዋል፤ ልብ ወለዱን የሚጽፈው በሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄም ስለ ቋንቋ አይደለም። ይህን ታሪክ ማን ነው የሚያየው፣ የትስ ቆሞ ነው የሚያየው የሚለው ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛዎቹን በእኛው እጠራለሁ።

በ1865 ዶስቶየቭስኪ ቪስባደን በምትባል የጀርመን ከተማ በቁማር ተበልቶ፣ የሆቴል ዕዳ መክፈል አቅቶት ተቀምጦ ነበር። እዚያው ሆኖ «ሩስኪ ቬስትኒክ» ለተባለው መጽሔት አዘጋጅ ለካትኮቭ ደብዳቤ ጻፈ። አራጣ አበዳሪ አሮጊት ስለ ገደለ አንድ ተማሪ የሚተርክ ሥራ እንደ ጀመረ ገለጸለትና ቀብድ ጠየቀው። ዛሬ «ወንጀልና ቅጣት» ብለን የምናውቀው መጽሐፍ ነው። ፒተርስበርግ ተመልሶ በኖቬምበር መጨረሻ ብዙውን ክፍል ጽፎ ነበር። ከዚያም የጻፈውን ሁሉ አቃጠለው። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ለወዳጁ ለቭራንጌል በላከው ደብዳቤ፣ አዲስ ቅርጽና አዲስ ዕቅድ ስለ ማረከው እንደገና ከመጀመሪያው መጀመሩን ነግሮታል። ይህን ሲያደርግ ዕዳው አልተከፈለም፤ መጽሔቱም እየጠበቀው ነበር።

ምን ነበር የለወጠው? የማስታወሻ ደብተሮቹ ታትመዋልና ማየት ይቻላል። አሮጊቷ አሉ፣ መጥረቢያው አለ፣ የፒተርስበርግ ሙቀት አለ። ታሪኩ ግን በገዳዩ አንደበት፣ በ«እኔ» የተነገረ ኑዛዜ ነበር። ዶስቶየቭስኪ ያን «እኔ» አነሣና በቦታው ከገዳዩ ከራስኮልኒኮቭ ጎን የማይለይ፣ ነገር ግን ራስኮልኒኮቭን ያልሆነ ተራኪ አቆመ። በእኔ አስተያየት መጽሐፉን ያዳነው ይህ ነው። ራስኮልኒኮቭ ለምን እንደ ገደለ በእርግጥ አያውቅም፤ አንዴ ለድሆች ነው ይላል፣ አንዴ ታላቅ ሰው መሆኔን ለማየት ነው ይላል። ራሱን የማያውቅ ሰው ታሪኩን ብቻውን ቢነግረን ያለማወቁ ምርኮኞች ሆነን እንቀር ነበር። ከጎኑ የቆመው ተራኪ ግን እርሱ የማያየውን እንድናይ አደረገን። ይህን ለውጥ ዐረፍተ ነገር በማሳመር ማምጣት አይቻልም።

አሁን ብዙ ልቆይበት የምፈልገው የሃርፐር ሊ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የምናየው ደራሲዋን ብቻ አይደለም፣ አርታኢዋንም ነው።

ሃርፐር ሊ በአላባማ ሞንሮቪል የተወለደች፣ ኒውዮርክ ሄዳ በአየር መንገድ ቢሮ ትኬት እየመዘገበች የምትኖር ሴት ነበረች። በ1956 የገና በዓል ወዳጆቿ የሆኑ ባልና ሚስት የአንድ ዓመት መተዳደሪያዋን የሚሸፍን ገንዘብ ሰጧት፤ ሥራሽን ትተሽ ጻፊ አሏት። ጻፈች። በ1957 ረቂቋ ሊፒንኮት ለተባለው አሳታሚ ቀረበ። በረቂቁ ውስጥ ጂን ሉዊዝ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ከኒውዮርክ ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች፤ አባቷ የዘር መድልዎን ከሚደግፉ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ታየዋለች፤ ልቧ ይሰበራል። በየመካከሉ የልጅነት ትዝታዎቿ ብልጭ ይላሉ።

አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ በዕድሜ የገፋች፣ ሙያዋን የምታውቅ ሴት ነበረች። በረቂቁ ውስጥ ሕይወት እንዳለ አየች፤ ግን ተያይዞ የቆመ ልብ ወለድ ሳይሆን የተደረደሩ ገጠመኞች ሆኖ ታያት። ሕይወቱ ያለው በልጅነቱ ትዝታ ላይ መሆኑንም አስተዋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከሁለት ዓመት በላይ ሠሩ። የሃያ ስድስት ዓመቷ ሴት ወጣች፤ ስካውት የምትባል ሕፃን ገባች፤ «እኔ» እያለች መተረክ ጀመረች። በመጀመሪያው ረቂቅ በጥቂት አንቀጾች ብቻ የታለፈ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር፤ አባቷ ጥብቅና የቆመለት ጥቁር ተከሳሽ እዚያ ላይ ነፃ ወጥቷል። በአዲሱ መጽሐፍ ያ ጉዳይ የታሪኩ እምብርት ሆነ፤ ተከሳሹም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ተፈረደበት። ቆም ብላችሁ አስቡት። በአንድ ረቂቅ ውስጥ እንደ ዋዛ የተወረወረ ጉዳይ፣ ያውም ፍርዱ ተገልብጦ፣ መላውን መጽሐፍ ተሸከመ። ደራሲዋ ይህን አስቀድማ ልታውቅ አትችልም ነበር። ለማወቅ መጀመሪያ ያንን ሌላውን መጽሐፍ መጻፍ ነበረባት።

መካከሉ ቀላል አልነበረም። የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አንድ የክረምት ሌሊት ተስፋ ቆርጣ የረቂቁን ገጾች በመስኮት ወደ በረዶው ወረወረቻቸው፤ እያለቀሰች ለሆሆፍ ስልክ ደወለች፤ ሆሆፍም ውጪና ልቀሚ አለቻት። ወጥታ ለቀመች። መጽሐፉ በጁላይ 1960 ታተመ፤ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያው ረቂቅ ደግሞ በ2015 ራሱን ችሎ ስለ ወጣ ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ እንችላለን። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ወደ ራሳችን ልምጣ። እንደ ቴይ ሆሆፍ ያለ ሰው ከደራሲ ጎን ሁለት ዓመት ይቀመጣል ወይ? ባብዛኛው አይቀመጥም። በ1970ዎቹ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ጊዜ ረቂቅ ተቀብሎ የሚያነብ አርታኢ ወንበር ነበረው። ሳንሱርም በዚያው ዘመን ነበረና ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ ወንበሩን ግን እናፍቀዋለሁ። ዛሬ ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ገንዘብ ራሱ ከፋይ ነው። የወረቀት ዋጋ ነገ ከሚጨምር ዛሬ ይግባልኝ ብሎ ይጣደፋል። አርትዖት የሚለው ነገር ፊደል ለቀማ ሆኖ ይቀራል፤ ያመለጠችን ነጥብ መመለስ፣ የተዘለለች ቃል ማስገባት። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትንም አከብራለሁ። ግን ታሪኩ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመካከል ስለሌለ፣ ብዙ ልብ ወለዶቻችን በመጀመሪያ ረቂቃቸው ታትመው ይወጣሉ። አንባቢ ያነባል፤ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማዋል፤ ደራሲው ተሰጥኦ ያንሰዋል ይላል። ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል። ያነሰው ብዙውን ጊዜ ተሰጥኦው አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ዓመትና አንድ ደፋር አንባቢ ነው።

ስለ ስሜቱም ልናገር፤ ለመጻፍ የሞከሩ ብዙዎች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁና። አጀማመሩ ደስ ይላል። ገጸ ባሕርያቱ ገና ምንም አላደረጉምና ሁሉንም ማድረግ ይችላሉ። ደራሲው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ምልልሳቸውን ይሰማል፤ ወራጅ አለ ማለት ረስቶ ፌርማታው ያልፈዋል። ከዚያ መሐሉ ይመጣል። ትናንት ያስደሰተው ምዕራፍ ዛሬ ይሰለቸዋል፤ ሴራው ይቋጠርበታል፤ በዚህ መካከል ሌላ አዲስ ሐሳብ ብቅ ይልና ይህን ትተህ እኔን ጻፍ ይለዋል። ብዙ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ሰዓት ነው። ይህን ያለፈ ሰው መጨረሻው ላይ ይደርስና ጥቂት ቀን በደስታ ይሰነብታል። ቀጥሎ ረቂቁን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያነበዋል። የዚያን ጊዜ ኀዘን ከሁሉ ይከፋል። በልቡ ይዞት የነበረው መጽሐፍና በወረቀቱ ላይ ያለው አይገናኙም። ለወጣት ጸሐፊዎች ደጋግሜ የምነግራቸው ይህ ኀዘን የመልካም ነገር ምልክት መሆኑን ነው። ጉድለቱን ያየ ዓይን ሲጽፍ አልነበረም፤ አሁን መጣ። ሁለተኛውን ረቂቅ የሚጽፈው ያ ዓይን ነው። አጥብቄ የምመክረውም ይህን ዓይን ቀድሞ እንዳይጠሩት ነው። አንደኛውን ምዕራፍ ዓመት ሙሉ እያሳመረ ሁለተኛው ላይ ያልደረሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብሷል፤ መሰረዝና መመለስ ድካም የለውምና።

የመጀመሪያው ረቂቅ የተዝረከረከ ቢሆን ነውር የለበትም። ማርጋሬት ሚቸል በ1926 ቁርጭምጭሚቷን ታማ ቤት በዋለችበት ወቅት ልብ ወለዷን ስትጀምር መጀመሪያ የጻፈችው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነበር። ምዕራፎቹን በትልልቅ ፖስታ እየከተተች በየቦታው አኖረቻቸው፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ከአንድ በላይ አጻጻፍ ነበረው። በ1935 የማክሚላን አሳታሚ ሰው አትላንታ መጥቶ ያን የፖስታ ክምር ሲረከባት፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በቅጡ አልነበረም። የጀግናዋም ስም ገና ስካርሌት አልነበረም፤ ፓንሲ ነበር። ይህ መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ያቀረበልን ነው። በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ የሰፈረው የተስተካከለ ትረካ ከፖስታ ክምር የተነሣ መሆኑን ሳስብ፣ ዝርክርክ ረቂቅ ይዞ የሚያፍር ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እላለሁ።

እንግዲህ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ሲቀመጡ ምን ይታያል? የቆሙበትን ቦታ ካወቁ በኋላ የሚመጣው ትንንሹ ነገር ነው፤ ትንንሹም ትልቅ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ። ልብ ወለድ በዓመታት ስለሚጻፍ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ አማቷን እርስዎ ስትል የነበረች ምራት ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ አንቺ ብላ ትገኛለች። ደራሲው አስቦበት ከሆነ ይህ ትልቅ ትዕይንት ነው፤ በመካከላቸው የሆነ ነገር ተሰብሯል ማለት ነውና። ሳያስብበት ከሆነ አንባቢው መጽሐፉን ማመን ያቆማል። ፍልሰታ ነው ተብሎ በተጀመረ ምዕራፍ አጥባቂዋ እናት ለእንግዳ ዶሮ ይሠራሉ። በሰኔ ጭቃ የወጣ ተጓዥ ከሦስት ገጽ በኋላ አቧራ ያራግፋል። ሽማግሌው፣ ተማሪውና ደላላው ሁሉም በተረትና ምሳሌ ይናገራሉ፤ ሦስቱም አንድ አፍ ይሆናሉ፤ ያም የደራሲው አፍ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ደራሲው ብቅ ብሎ ትርጉሙን የሚያስረዳባት አንቀጽ ናት። እናትየው የልጇን ባዶ አልጋ አነጠፈች፤ እዚህ ላይ አለቀ። ቀጥሎ «የእናት ፍቅር ወሰን የለውምና» የሚል ከመጣ፣ አልጋው ያደረገውን ዐረፍተ ነገሩ ያፈርሰዋል። ያቺን አንቀጽ ማውጣት ያማል፤ ሲጽፋት ዓይኑ እንባ ያቀረረባት እርሷ ነበረችና።

ለዚህ ሁሉ የማውቀው ፍቱን ዘዴ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ፍሎቤር ክሯሴ በሚባለው መንደር ባለ ቤቱ ዐረፍተ ነገሮቹን እየጮኸ ያነብ ነበር፤ ሲጮኽ ያልተመቸውን ይሰርዘዋል፣ እንደገና ይጽፈዋል። «ማዳም ቦቫሪ» በ1851 ተጀምሮ በ1856 ያለቀው እንዲህ ነው። ለአማርኛ ይህ ከፈረንሳይኛም ይልቅ ይስማማዋል። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ አምስት ዐረፍተ ነገር ተከታትሎ በ«ነበር» ሲዘጋ ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን አያልፈውም። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ወጥቶ» እየተባለ የሚጎተተው ሰንሰለትም የት መቆረጥ እንዳለበት የሚታወቀው ትንፋሽ ሲያጥር ነው። እኛ ደግሞ ልብ ወለድን በጆሮ የማንበብ ትልቅ ልማድ ያለን ሕዝብ ነን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ተከታትለዋል። ያ ትረካ የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገር በሰው ትንፋሽ ልክ መቆረጡን አሳይቷል። ዛሬ ስልካችን ድምፅ ይቀዳል። ምዕራፋችሁን አንብባችሁ ቅዱት፤ ከሳምንት በኋላ እንጀራ ስትጋግሩ ወይም መንገድ ስትሄዱ ስሙት። የሰለቻችሁበት ደቂቃ የት እንደሆነ ጆሮአችሁ ይነግራችኋል።

ከራስ ጆሮ ቀጥሎ የሌላ ሰው ጆሮ አለ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይጎዳናል። ፍሎቤር በ1849 «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና»ን ጨርሶ ሁለቱን ወዳጆቹን ቡዬንና ዱ ካምን ጠራ። ለአራት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት አነበበላቸው። ሲጨርስ እሳት ውስጥ ጣለው፣ ዳግመኛም አታንሣው አሉት። ተሰበረ። ነገር ግን ወዳጅነታቸው አልፈረሰም፤ ቀለል ያለ፣ ከተራ ሰዎች ሕይወት የተወሰደ ነገር ጻፍ ብለውት ወደ «ማዳም ቦቫሪ» ያዞሩትም እነርሱ ናቸው። የተጣለውንም ረቂቅ ፍሎቤር አልጣለውም፤ ደግሞ ደጋግሞ ጽፎት በ1874 አሳተመው። ከዚህ የምወስደው ወዳጅ መጨከን አለበት የሚለውን አይደለም። ወዳጆቹ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው መስማታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ረቂቅ የተቀበለ ወዳጅ ገረፍ ገረፍ ያደርግና ግሩም ነው ብሎ ይመልሳል፤ ደራሲውን ላለማስቀየም ብሎ መጽሐፉን ብቻውን ይተወዋል። ስለዚህ ጥያቄያችንን እንለውጥ። እንዴት አየኸው ብለን አንጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ ያለው ጨዋ መልስ አንድ ብቻ ነው። ይልቅ ስታነብ የት ላይ አስቀመጥከው? የማንን ስም ረሳኸው? ማን እስኪመለስ ጠበቅህ? ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመመለስ ማንም ሰው ማስቀየም አይኖርበትም።

መቼ ነው የሚቆመው የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ሲያስብ የጀመረው በ1856 ከሳይቤሪያ ግዞት ከሚመለስ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሰውየውን ለመረዳት ወደ 1825ቱ ዐመፅ ተመለሰ፤ ያን ለመረዳት ወደ 1812 ጦርነት፤ ከዚያም ድሉን ያለ ሽንፈቱ መጻፍ አፍሮ ወደ 1805። ይህ ወደ ኋላ መሄድ መጽሐፉን ፈጠረው። ነገር ግን መጽሐፉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ በ1873 እንደገና ገባበት፤ የፈረንሳይኛውን ምልልስ ወደ ሩሲያኛ መለሰ፤ የፍልስፍናውን ምዕራፎች ከትረካው አውጥቶ በመጨረሻ አስቀመጣቸው። በኋላ ዘመን እትሞች ሁለቱም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ክለሳም ልክ አለው። እኔ የማየው ምልክት ይህ ነው፤ ለውጡ ስለ ገጸ ባሕርያቱ አዲስ ነገር እስካሳየኝ ድረስ እቀጥላለሁ፤ ለውጡ የራሴን ድካም ብቻ የሚያሳይ ሲሆን ረቂቁን አስረክባለሁ።

እኛም ዘንድ ታትሞ ወደ ወጣ መጽሐፍ የተመለሰ ደራሲ አለ። በዓሉ ግርማ «የኅሊና ደወል»ን በ1966 አሳተመ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ያንኑ አስፍቶና እንደገና ሠርቶ «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። ሁለቱም በእጃችን ናቸው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን ቢያስነብቡ፣ ምን እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ገባ፣ ምን እንደ ሰፋ ተማሪዎቹ ራሳቸው በእርሳስ ቢያሰምሩ፣ እኔ ዛሬ ከተናገርሁት ሁሉ የበለጠ ይማራሉ።

አንድ ልመናም አለኝ። ስለ ፍሎቤር የነገርኋችሁን የምናውቀው በሺዎች የሚቆጠሩ የረቂቅ ገጾቹ ሩዋን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ስለ ተቀመጡ ነው። የዶስቶየቭስኪን የምናውቀው ደብተሮቹ ስለ ተረፉ ነው። የደራሲ ልጅ፣ የደራሲ ሚስት፣ የደራሲ ወንድም የሆናችሁ እዚህ ካላችሁ፣ መጽሐፉ ታትሟልና ረቂቁ ምን ያደርጋል ብላችሁ አትጣሉት። የተሰረዘበት፣ የተቀደደው፣ በሁለት ቀለም የተጻፈው ይበልጥ ይፈለጋል። ወመዘክርም ሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲህ ያለ ወረቀት የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ናቸው። የጻፋችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከሁለተኛው ጋር አታደባልቁ፤ ለየብቻ እሰሩት፤ ቀኑን ጻፉበት።